ጥቁር ቀለም ምስክር አይደለም

በትምህርት ቤት ስለ ልጆች ደኅንነት በተወራ ቁጥር ከመምህራን የምትነሳ ጥያቄ አለች፤ ልጁ ሁሉን ነገር በጥቁር ከቀባ ወይም እጅ የሌለው ሰው ከሣለ ምን ማለት ነው? ምንም ላይሆን ይችላል። ምናልባት ቀዩን ከለር አጠገቡ ያለው ልጅ ቀድሞት ይሆናል። ሥዕልን እንደ ራጅ አንብቦ "ይህ ልጅ ጥቃት ደርሶበታል" ማለት ብዙ ተሞክሯል፤ በሥዕል ላይ ያለ ምልክት ብቻውን የተጎዳውን ካልተጎዳው በአስተማማኝ ሁኔታ እንደማይለይ ግን ጥናቶች አሳይተዋል። የሥዕል ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ልጁን ያናግረዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 የኒውዚላንድ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ የእሳት አደጋ ጣቢያ የጎበኙ የ5 እና የ6 ዓመት ልጆች ያዩትን እየሣሉ ሲናገሩ በቃል ብቻ ከተጠየቁት የበለጠ ተናግረዋል። በ2000 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሌላውን ጎን አሳየ፤ የተነገራቸውን እውነትም ሐሰትም በሥዕል የደገሙ ሕፃናት ሁለቱንም ካልሣሉት አብልጠው አስታወሱ። እየሣለ ያለን ልጅ "ማነው የመታህ?" ብሎ የሚጠይቅ መምህር፣ ያልነበረን ነገር ሊተክልበት ይችላል ማለት ነው። "እስቲ ስለዚህ ንገረኝ" ይበቃል።

ስለዚህ በሥዕል የሚሰጠውን የደኅንነት ትምህርት ከምርመራ አርቆ ከልጁ ቀን መጀመር ይሻላል። ዱባይ ማሪና ፎቅ ላይ የሚኖር ልጅ ከአልጋው እስከ ክፍሉ ያለውን መንገድ ሲሥል ሊፍቱ፣ በረንዳው፣ መዋኛው፣ የትራም ፌርማታው፣ የትምህርት ቤቱ ባስ ይመጣሉ፤ ደስ የሚለውን ቦታ በአንድ ቀለም፣ የሚያስፈራውን በሌላ ይቀባል። በረንዳ ላይ ወንበር አስጠግቶ መውጣት ስለሚያመጣው አደጋም እዚያው ይነሳል። "ቤታችሁን ሣሉ" የሚለው የተለመደ ትእዛዝ ግን ባይሰጥ እመርጣለሁ። በሌሎቹ የኤምሬትስ ከተሞች፣ ሻርጃ ወይም አጅማን ውስጥ ከእናቱ ጋር በሼሪንግ (ብዙዎች በጋራ በሚከራዩት) ቤት፣ በመጋረጃ በተከፈለች ክፍል የሚያድር ልጅ ጓደኞቹ ፊት ያፍራል፤ ወይም የሌለ ቪላ ይሥላል። ከዚያ ይልቅ መዳፉን ወረቀት ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን ይሣል፤ በየጣቱም ቢፈራ የሚሄድበትን ትልቅ ሰው ይጻፍ። አውራ ጣቱ ላይ ሞግዚቱን የሚጽፍ ልጅ ሊኖር ይችላል። ማሪና ውስጥ ደግሞ ልጁን ባስ ላይ የምታሳፍረው ሞግዚት ብዙ ጊዜ የእኛው የኢትዮጵያ ልጅ ናት፤ ስለ ልጆች ደኅንነት በሚጠራ ስብሰባ ላይ ግን ማን ይጠራታል?

"ልጆቹን ያላሰቡትን ክፉ ነገር አታሳስቧቸው" የሚሉ ወላጆች አሉ። ስለ መዋኛ ጥልቀት የተማረ ልጅ ውኃ እንደማይጠላ ሁሉ፣ ስለ አካሉ ደኅንነት የተማረም ሰው አይፈራም። ከባዱ ተቃውሞ ከእኛ ማኅበረሰብ የሚሰማው ነው፤ የቤት ገመና አደባባይ ወጥቶ፣ ፖሊስ መጥቶ፣ የቤተሰቡ ቪዛ አደጋ ላይ ቢወድቅስ? ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ሆኖም መምህሩ ምርጫ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2012 ዱባይ ውስጥ በአባቷና በሴት ጓደኛው ተሠቃይታ በሞተችው የ8 ዓመቷ ወዲማ ስም የሚታወቀው፣ በ2016 የወጣው የኤምሬትስ የፌዴራል የሕፃናት መብት ሕግ መምህራንን፣ ሐኪሞችንና የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዎችን የማሳወቅ ግዴታ ጥሎባቸዋል፤ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር የሕፃናት ጥበቃ ስልክም 116111 ነው። የባዕድ አገር ጣጣ ነው እንዳይባል፣ የእኛም የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት (በእኛ አቆጣጠር የ1987ቱ) በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ታማኝነቱ ይህንን የማሳወቅ ግዴታ ለወላጆች ቀለም ከመከፋፈሉ በፊት፣ በትምህርት መጀመሪያ ላይ መንገር ነው። ልጁንም "ለማንም አልናገርም" ብሎ ማባበል አይገባም፤ የማይጠበቅ ቃል ነው።

ይህ ሁሉ ካለ ልጁ በነፃነት ይሥላል ወይ? በከፊል አይሥልም፤ ይህን መካድ አይቻልም። የሚረዳው ለሥዕሉ ማርክ አለመስጠት፣ ልጁ ካልፈቀደ ግድግዳ ላይ አለመስቀል፣ ወረቀቱንም እንደ ፋይል አለመሰብሰብ ነው። ልጁ አንድ ነገር ከተናገረ ግን ቃሉ እንደወረደ፣ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ተጽፎ ለትምህርት ቤቱ የሕፃናት ጥበቃ ኃላፊ በዚያው ቀን ይደርሳል። ለእሱ ብቻ ነው የሚደርሰው። ሥዕሉን በሞባይል አንስቶ በመምህራን ዋትስአፕ ግሩፕ ላይ "ይቺን እዩልኝ" ብሎ የሚለጥፍ ሰው፣ ልጁ በየጣቱ ከጻፋቸው ሰዎች አንዱ እሱ ራሱ ሊሆን እንደሚችል ያስብ።