የከፋው ቁጥር

ለእንጨት መቅረጫ ማሽን ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ፍጥነቱን ነው፤ ስንት ጊጋኸርትዝ፣ ስንት ኮር፣ ስንተኛ ትውልድ። ማሽኑ ግን የሚፈልገው ኮምፒውተሩ በቀጠሮው ሰዓት እንዲገኝለት ነው። ቅዳሜ ጂንካ ገበያ ላይ ቀድሞ የሚደርሰው ሞተር ብስክሌት ያለው ሁሉ አይደለም፤ ከአሪ ቀበሌዎች በእግራቸው ተነሥተው ገበያው ሳይሞላ ሁልጊዜ ቦታቸውን የሚይዙ እናቶች አሉ። ለማሽን የሚሆነው ኮምፒውተር እንደ እነሱ ያለው ነው፤ ሪልታይም የሚባለውም ይኸው ነው።

ሊኑክስ ሲኤንሲን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ፦ ተራውን ኮምፒውተር የማሽን አዛዥ የሚያደርግ ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ ሥሩ የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከሠራው መቆጣጠሪያ ይመዘዛል። በሰላማጎ ወረዳ እንዳለው የኦሞ ኩራዝ ስኳር ፋብሪካ ያለ ትልቅ ድርጅት እንዲህ ዓይነቱን የቁጥጥር ሥራ ለዚሁ ለተሠሩ መሣሪያዎች ይሰጣል። የሰፈር እንጨት ሠሪ እጅ ላይ ያለው ግን ከመሥሪያ ቤት የወጣ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ያ ዴስክቶፕ የሚገባውን ክብር አላገኘም ብዬ አምናለሁ።

ጉዳዩ በሂሳብ ሲታይ ግልጽ ነው። የተለመደው ስቴፐር ሞተር አንድ ዙር ለመዞር 200 እርምጃ ይራመዳል። ሞተሩን የሚነዳው ድራይቨር እያንዳንዱን እርምጃ ለ8 ሲከፍለው ለአንድ ዙር 1,600 ምት፣ ማለትም ከኮምፒውተሩ የሚላክ የኤሌክትሪክ ምልክት፣ ያስፈልጋል። ሞተሩ የሚያዞረው ዘንግ በአንድ ዙር 5 ሚሊ ሜትር የሚገፋ ከሆነ ለአንድ ሚሊ ሜትር 320 ምት ያስፈልጋል። መቅረጫው በደቂቃ 3 ሜትር ሲጓዝ ኮምፒውተሩ በሰከንድ 16,000 ምት መላክ አለበት፤ በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ 62.5 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ አንዴ እንኳ 200 ማይክሮ ሰከንድ ቢዘገይ ሦስት ምት የሚላክበት ጊዜ ባዶውን ያልፋል። በፍጥነት የሚሽከረከር ሞተር ይህን አይችልም፤ ይንገዳገድና ከምቱ ይወጣል። ተራው ስቴፐር ደግሞ የደረሰበትን ቦታ መልሶ የሚናገርበት መንገድ ስለሌለው፣ ኮምፒውተሩ ሁሉም ሰላም መስሎት መቅረጹን ይቀጥላል።

እዚህ ላይ በጣም የምወዳት ምልክት አለች። ይህ ሞተር ከምቱ ሲወጣ ያሻው ቦታ ላይ አይቆምም። የውስጥ ጥርሶቹ እንደገና የሚገጣጠሙት በየ4 ሙሉ እርምጃው ስለሆነ የሚንሸራተተውም በ4 እርምጃ ወይም በብዜቱ ነው። ከላይ ባለው ስሌት 4 እርምጃ ማለት 0.1 ሚሊ ሜትር ነው። ካሊፐር ይዛችሁ ለኩ። ቅርጹ የተዛነፈው በ0.1 ብዜት ከሆነ ሞተሩ እርምጃ ስቷል፤ ዝንፈቱ መልክ ከሌለው ግን የላላ መጋጠሚያ ፈልጉ። ሞተሩ እርምጃ የሳተው ደክሞ ነው ወይስ ምቱ ዘግይቶበት የሚለውን የሚለየው ደግሞ ኮምፒውተሩ ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚለካው የሊኑክስ ሲኤንሲ የመዘግየት ፈተና ነው።

ጂንካ ያገኘሁት ወጣት አናጺ የዋንዛ በር ላይ ሐረግ ሲቀርጽ ሐረጉ መሐል ላይ እየተሰበረበት ተቸግሮ ነበር። «ጋሼ፣ ሞተሩ ደክሟል፤ ከአዲስ አበባ ላስመጣ ነው» አለኝ። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚመጣ ሞተር! «ፕሮግራሙ ሲነሣ የሚወጣ መልእክት አለ?» ብዬ ጠየቅሁት። «አለ፤ እዘጋዋለሁ» አለኝ።

ይህን መልስ ብዙ ቦታ ሰምቻለሁ፤ ሁልጊዜም ያናድደኛል። ሊኑክስ ሲኤንሲ ያልተጠበቀ መዘግየት ሲያጋጥመው በግልጽ ይናገራል፤ ፈተናውን አሂዱ፣ ሳታስተካክሉ አትቀጥሉ ይላል። መልእክቱ የሚወጣው ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ የዘጋው ሰው ከዚያ በኋላ ሺህ ጊዜ ቢዘገይበትም ሌላ ማስጠንቀቂያ አያገኝም። እባካችሁ፣ ሳታነቡ አትዝጉት።

ፈተናውም በችኮላ አይሆንም። ብዙ ሰው ከፍቶት ለግማሽ ደቂቃ ያየውና ቁጥሩ ትንሽ ነው ብሎ ይዘጋዋል። ያየው ኮምፒውተሩ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠበትን ጊዜ ነው። ፈተናው እየሄደ ትልልቅ ፋይል ቅዱ፣ ቪዲዮ ክፈቱ፣ መስኮቶችን ጎትቱ፣ ፍላሽ ሰክታችሁ ንቀሉ፤ ምሳ በልታችሁ ስትመለሱ ከፍተኛውን ጂተር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ከቀጠሮው የተዛነፈበትን ትልቁን ጊዜ፣ ብቻ አንብቡ። አማካዩን እርሱት፤ በር የሚያበላሸው ያ አንዱ የከፋ ቅጽበት ነው። ከፍተኛው ከ20 ማይክሮ ሰከንድ በታች ከሆነ ግሩም ነው። ከ30 እስከ 50 ከሆነ ይሠራል፤ ፍጥነቱን ግን መቀነስ ያስፈልግ ይሆናል። 100 ካለፈ ያ ኮምፒውተር ራሱ ምት ለመላክ አይሆንም።

የልጁ ኮምፒውተር 100ን አልፎ ሄደ። አሮጌ ላፕቶፕ ነበር። ለምን ላፕቶፕ እንደመረጠ ስጠይቀው «መብራት ሲሄድ አይጠፋም» አለኝ፤ ጂንካ ላይ ይህ የሞኝ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን መብራት ሲሄድ ሞተሮቹም አብረው ይቆማሉ፤ ኮምፒውተሩ ብቻውን ነቅቶ ቢቀር ቅርጹን አያድንም። የላፕቶፑ ጥፋት ደግሞ ከዚሁ ከባትሪው ይጀምራል። ባትሪውን፣ ሙቀቱንና ማራገቢያውን የሚጠብቀው ኮምፒውተሩን በሚያስነሣው በባዮስ ውስጥ ያለ ፕሮግራም ኤስኤምአይ በሚባል ማቋረጫ በየጊዜው ፕሮሰሰሩን ይነጥቃል። ይህ ማቋረጫ ከሊኑክስ በላይ ነው፤ ሊኑክስ ሊከለክለው ቀርቶ ሲመጣም አያየውም፤ ጊዜው እንደጎደለው ብቻ ኋላ ያውቃል። ዴስክቶፕም ላይ አለ፤ ግን ይቀንሳል፣ የሚጠፋበት ዕድልም አለ። በእኩል የጊዜ ልዩነት ብቅ የሚል መዘግየት ካያችሁ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ።

ላፕቶፑን በአሮጌ ዴስክቶፕ ተካን። እሱም መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ ጥሩ አልነበረም፤ ባዮስ ውስጥ ገብተን አሮጌውን የዩኤስቢ ድጋፍ፣ ኃይል ቆጣቢዎቹንና ሃይፐር ትሬዲንግን አንድ በአንድ እያጠፋን፣ ከእያንዳንዱ በኋላ እንደገና ፈተንን። አንድ በአንድ መሆኑን አደራ፤ ሁሉን በአንዴ የሚቀይር ሰው የትኛው እንዳዳነው ሳያውቅ ይቀራል። አሮጌው የዩኤስቢ ድጋፍ ሲጠፋ ቁጥሩ ወደ 20 ግድም ወረደ። ሞተሩ ሳይቀየር ሐረጉ ተቀጠለ።

የቀረው በሶፍትዌር በኩል ነው። የሪልታይም ከርነል መጫኑን አረጋግጡ፤ ሊኑክስን ሪልታይም የሚያደርገው ፕሪኤምፕት አርቲ ለሃያ ዓመት ያህል ከውጭ የሚለጠፍ ማሻሻያ ሆኖ ቆይቶ ዋናው ሊኑክስ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2024 በ6.12 ከርነል ነው። ከአንድ በላይ ኮር ካለ አይሶልሲፒዩስ በሚባለው የከርነል ማስነሻ ትእዛዝ አንዱን ኮር ለማሽኑ ሥራ ብቻ ለዩለት። ዋይፋዩን አጥፉ። የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ የራሱ ድራይቨር ከተጫነ አውጡት። ምቱ የሚወጣበት ፓራለል ፖርት በሌለው ኮምፒውተር ላይ ዩኤስቢን ወደ ፓራለል የሚቀይር ገመድ የሚሸጥላችሁ ካለ አትግዙ፤ ያ ገመድ ለፕሪንተር ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ቁጥሩ ካልወረደ ምት የመላኩን ሥራ ከኮምፒውተሩ ላይ አንሱለት። ሜሳ የሚባለው ካርድ ምቱን በራሱ ቺፕ ያመነጫል፤ ለኮምፒውተሩ የሚቀርለት በሺኛ ሰከንድ አንድ ጊዜ አቅጣጫ መንገር ስለሆነ ለሌላው ሥራ የማይበቃው ማሽን እንኳ ለዚህ ሊበቃ ይችላል። ካርዱ ግን ውድ ነው፣ ከውጭም ይመጣል።

ከዚያ በፊት የሚቀለው ያገለገለ ዴስክቶፕ መሞከር ነው። ልትገዙ ስትሄዱ ሊኑክስ ሲኤንሲ ያለበት ፍላሽ ያዙ፤ ሃርድ ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሹ ይነሣል። ሻጩን አስፈቅዳችሁ ፈተናውን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ክፈቱ፣ ቪዲዮም አጫውቱበት፣ ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ። ከፍተኛውን ጂተር አንብባችሁ ከዚያ ስለ ዋጋው ተነጋገሩ።