የብራዚል ሾሮ ሙዚቃ እንደ ገና መነሣት

በ19ኛው መቶ ዓመት በሪዮ ዴ ጃኔሮ ከተማ በተወለደው በሾሮ ሙዚቃ፣ ዋሽንት ወይም ማንዶሊን ዜማውን ሲመራ ጊታር በወፍራም ድምፅ መልስ ይሰጣል። መልሱን ተጫዋቹ ብዙ ጊዜ እዚያው ስለሚፈጥረው በኖታ ብቻ አይጠናም፤ ከዐዋቂ ጎን ተቀምጦ መስማት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ከተበተኑ ጥበቡም አብሮ መጥፋቱ ነው።

ይህም ሊደርስ ተቃርቦ ነበር። የማንዶሊኑ ሊቅ ዣኮብ ዶ ባንዶሊን በ1969 እ.ኤ.አ. ሲሞት፣ ኤፖካ ዴ ኦሮ የተባለው የሙዚቃ ጓዱ ተበተነ። በ1973 ግን የሳምባ ዘፋኙ ፓውሊኞ ዳ ቪዮላ ለአንድ ትርኢት መልሶ ሰበሰባቸው። (አባቱ ሴዛር ፋሪያ ከጊታር መቺዎቹ አንዱ ስለ ነበረ፣ ነገሩ የቤት ጉዳይም ሳይሆን አይቀርም።) ከዚያ ወዲህ በሪዮና በብራዚሊያ የሾሮ ክበቦች ተቋቋሙ። በ2024 መንግሥት ሾሮን በብሔራዊ ቅርስነት መዘገበ። እኔ ግን ከመዝገቡ ይልቅ በ1998 በብራዚሊያ የተከፈተውን የሾሮ ትምህርት ቤት አስበልጣለሁ፤ በዚያ ወጣቱ ከዐዋቂው ጎን ይቀመጣልና።