ያውቁ ኖሯል? ሰ-ገ-ደ፦ የሦስት ሃይማኖቶች አንድ ሥር

«ስግደት» እና «መስጊድ» የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። ሁለቱም የበቀሉት ሰ-ገ-ደ ከሚሉት ሦስት ተነባቢዎች ነው፤ መሠረታዊ ትርጉሙም ጎንበስ ብሎ ግንባርን ወደ ምድር ማድረስ ነው። ዓረብኛ «ገ»ን ወደ «ጀ» ለውጦ «ሰጀደ»፣ «ሱጁድ»፣ «መስጂድ» ይላል። አማርኛ የጥንቱን «ገ» አልለቀቀም። በስቅለት ዕለት የሚሰግደው ክርስቲያንም፣ መስገጃውን የሚያነጥፈው ሙስሊምም ተግባራቸውን የሚጠሩት በእነዚሁ ፊደላት ነው።

ሥሩ እስልምናንም ክርስትናንም ይቀድማል። በግብፅ አስዋን አጠገብ፣ በዓባይ ወንዝ መካከል ባለችው ኤለፋንቲን ደሴት ይኖሩ የነበሩ አይሁድ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት በአራማይክ በጻፏቸው ፓፒረሶች ላይ መ-ስ-ግ-ድ የሚል ቃል በመሐላ ውስጥ ሰፍሯል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚደንቀው ግን የኢትዮጵያ አይሁዶች የሆኑት የቤተ እስራኤል ነገር ነው። በጎንደር መንደሮች የጸሎት ቤታቸውን «መስጊድ» ይሉት ነበር፤ አይሁዳዊ መስጊድ! ከዮም ኪፑር (የአይሁድ የማስተሰረያ ቀን) በኋላ በ50ኛው ቀን የሚያከብሩት «ስግድ»ም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። በኢትዮጵያ ሳሉ በዕለቱ እየጾሙ ተራራ ይወጡ ነበር፤ ቄሶቻቸው ኦሪት ያነቡ ነበር፤ ወደ ኢየሩሳሌም መመለስን ይማጸኑ ነበር። ዛሬ በዓሉ እዚያው ኢየሩሳሌም ይከበራል፤ የእስራኤል ምክር ቤት ክኔሴትም በ2008 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ በዓል እንዲሆን ሕግ አውጥቶለታል።

ስፔናውያን ደግሞ የዓረብኛውን «መስጂድ» «ሜስኪታ» አሉት፤ የእንግሊዝኛው «ሞስክ»ም የዚያው ዝርያ ነው።