የሚናገር እንጂ የማይሰማ አስተማሪ፦ ቴሌቪዥን ሕፃናትን ንባብ ሊያስተምር ይችላልን?

ከዐስር ሰላት በኋላ እናት ወደ ማዕድ ቤት ስትገባ የአራት ዓመት ሕፃን በቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣል። በመስኮቱ ላይ ፊደላት ይዘላሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ይዘምራሉ። ሕፃኑም ዜማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳያዛንፍ ያወርደዋል። አባት ከሥራ ተመልሶ መጽሐፍ ከፍቶ አንዷን ፊደል በጣቱ እያመለከተ «ይህቺ ማን ናት?» ሲለው ግን ልጁ ዝም ይላል። በጂዳም ሆነ በዱባይ፣ በኩዌትም ሆነ በአዲስ አበባ ይህ ትዕይንት ለብዙ ወላጆች እንግዳ አይደለም።

ታዲያ ቴሌቪዥን ንባብ ያስተምራል ወይስ የተማሩ ያስመስላል? የትምህርት ሊቃውንት፣ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎችና የቴሌቪዥን ባለሙያዎች ይህን ጥያቄ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲመረምሩት ኖረዋል። የደረሱበት መልስ ተስፋንም ማስጠንቀቂያንም ያዘለ ነው። በተለይም በቤት አማርኛ፣ በጎረቤት ዐረብኛ፣ በትምህርት ቤት ደግሞ እንግሊዝኛ እየሰሙ የሚያድጉ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ሊያውቁት ይገባል።

ከማስታወቂያ ዜማ የተወለደ ሐሳብ

እ.ኤ.አ. በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ በተደረገ አንድ የእራት ግብዣ ላይ ሎይድ ሞሪሴት የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ ስለ ትንሿ ልጃቸው አወጉ። የሦስት ዓመቷ ሕፃን በማለዳ እየተነሣች፣ ስርጭት ገና ሳይጀመር በቴሌቪዥኑ ላይ የሚቆመውን የሙከራ ምስል ቁጭ ብላ ትመለከታለች። የግብዣው ባለቤት ጆአን ጋንዝ ኩኒ በበኩላቸው የቴሌቪዥን አዘጋጅ ነበሩ፤ የሀገራቸው ሕፃናት የቢራ ማስታወቂያ ዜማ ሳይቀር በቃላቸው እንደሚይዙ ያውቃሉ። ዜማ ለመጠጥ ማሻሻጫ ከሠራ ለፊደል ማስተማሪያ የማይሠራበት ምክንያት አልታያቸውም።

የዚያ ውይይት ፍሬ የሆነው «ሴሳሚ ስትሪት» እ.ኤ.አ. ኅዳር 10 ቀን 1969 ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰራጨ። ዓላማው መዋዕለ ሕፃናት የመግባት ዕድል ያላገኙ የድሃ ቤተሰብ ልጆች ትምህርት ቤት ከመድረሳቸው በፊት ከፊደልና ከቁጥር ጋር እንዲተዋወቁ ማድረግ ነበር።

ዝግጅቱን ከቀደሙት የለየው ገንዘቡ ወይም አሻንጉሊቶቹ ብቻ አይደሉም። የምርምር ክፍሉ ኃላፊ ኤድዋርድ ፓልመር ሕፃናትን በቴሌቪዥን ፊት አስቀምጠው፣ ከጎኑ በየጥቂት ሴኮንዱ የሚለዋወጥ የፎቶግራፍ ምስል የሚያሳይ መሣሪያ ያቆሙ ነበር። የልጁ ዐይን ከቴሌቪዥኑ ወደ ፎቶግራፉ በሸሸ ቁጥር ይመዘገባል። ልጆች የሸሹት ክፍል ይታረማል፣ ካልታረመም ይጣላል። በዚህ መንገድ አዘጋጆቹ ራሱ መስማት የማይችለውን መሣሪያ ወክለው ሕፃናቱን አስቀድመው አዳመጡ።

ውጤቱም ተመዘነ። በመጀመሪያው የስርጭት ዓመት 943 ሕፃናትን ይዞ የተካሄደው የሳሙኤል ቦልና የጌሪ አን ቦጋትስ ጥናት፣ ዝግጅቱን አዘውትረው ያዩ ልጆች ፊደላትን በመለየትና በመጥራት ከሌሎቹ ልቀው መገኘታቸውን አሳየ። ከድሃ ቤተሰብ የመጡ ትጉህ ተመልካቾች፣ ዝግጅቱን እምብዛም ካላዩት የመካከለኛ ኑሮ ልጆች የበለጠ መሻሻል አሳይተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ማሪ ሉዊዝ ማሬስና ዦንግዳንግ ፓን በ15 ሀገራት የተካሄዱ 24 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምሩም፣ በተለያዩ ቋንቋዎች የተዘጋጁት የዚህ ዝግጅት እኅት መርሐ ግብሮች ሕፃናትን በእርግጥ እንደሚያስተምሩ አረጋገጡ።

የተቃውሞ ድምፅ ግን አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1975 ቶማስ ኩክና ባልደረቦቻቸው የመጀመሪያውን ጥናት መረጃ እንደገና ፈተሹት። በጥናቱ ከተካተቱት ሕፃናት ብዙዎቹ ዝግጅቱን የተመለከቱት አጥኚዎች ቤታቸው ድረስ እየመጡ እናቶችን ሲያበረታቱ ነበር። ያ ማበረታቻ በሌለበት የተገኘው ትርፍ ከተነገረው ያነሰ እንደሆነ ኩክ ጻፉ። ከዚህም የከፋ ሥጋት ነበራቸው፦ ኑሮ የተመቻቸው ቤተሰቦች ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ካዩና ድሆቹ ካልተመቻቸው፣ ክፍተቱን ሊያጠብብ የመጣው ቴሌቪዥን ሊያሰፋው ይችላል። ክርክሩ እስከ ዛሬ የቀጠለ ቢሆንም አንድ ነጥብ ላይ ግን ስምምነት አለ፤ ከልጁ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ለውጥ ያመጣል።

«ሰሊጥ ሆይ፣ ተከፈት»

በባሕረ ሰላጤው ሀገራት ያደገ የአርባና የሃምሳ ዓመት ጎልማሳ ስለ ልጅነቱ ቢጠየቅ «ኢፍታሕ ያ ሲምሲም»ን ሳያነሣ አያልፍም። የባሕረ ሰላጤው የዐረብ ሀገራት እ.ኤ.አ. በ1976 ኩዌት ውስጥ ያቋቋሙት የጋራ የዝግጅት ማምረቻ ተቋም ይህን መርሐ ግብር ሠርቶ በ1979 ለእይታ አበቃ። ስሙን ከዓሊ ባባ ተረት የወሰደው ይህ ዝግጅት፣ ግዙፉን ኑዕማንንና መልሱን የተባለውን በቀቀን በብዙ የዐረብ ሀገራት ቤቶች ውስጥ የቤተሰብ አባል አደረጋቸው።

አዘጋጆቹን ያስጨነቀው ትልቁ ጥያቄ የቋንቋ ነበር። የኩዌት ሕፃን በቤቱ የሚሰማው ዐረብኛ ከሞሮኮው ሕፃን ይለያል፤ ሁለቱም ትምህርት ቤት ሲገቡ የሚጠብቃቸው መጽሐፍ ደግሞ የተጻፈው በሌላ፣ በፉስሓ ነው። ልጅ በጆሮው የማያውቀውን ቋንቋ በዐይኑ እንዲያነብ ሲጠየቅ በአንድ ጊዜ ሁለት ሸክም ይወድቅበታል፦ አዲሱን ፊደልና አዲሱን ቃል። አዘጋጆቹ በቀላል ፉስሓ ለመናገር ወሰኑ። ሕፃናት አይረዱትም የሚል ሥጋት ነበር፤ ዝግጅቱ ለዓመታት ተወድዶ መታየቱ ግን ሥጋቱን አስታገሰው።

ውሳኔው ትክክል እንደነበረ የሚያመለክት ማስረጃ ኋላ መጣ። ሰሊም አቡ ረቢዕ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ጥናት፣ ትምህርት ቤት ሳይገቡ በጽሑፍ ዐረብኛ ተረት ሲነበብላቸው የቆዩ ሕፃናት፣ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ያነበቡትን በመረዳት ከእኩዮቻቸው እንደሚበልጡ አሳየ። ለጆሮ የቀደመው ቋንቋ ለዐይን ይቀልለዋል ማለት ነው።

በ1990 በኩዌት ላይ የደረሰው ወረራ የዝግጅቱን ሥራ አቋረጠ። «ኢፍታሕ ያ ሲምሲም» ለአዲሱ ትውልድ በአዲስ መልክ የተመለሰው ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በአቡ ዳቢ ተዘጋጅቶ ነው።

ዐይን የት ያርፋል?

ቴሌቪዥን ከመጽሐፍ የሚበልጥበት ነገር አለ፤ ፊደልን ሊያንቀሳቅስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1971 የጀመረው «ዘ ኤሌክትሪክ ካምፓኒ» የሁለት ሰዎችን ጥላ ፊት ለፊት ያቆም ነበር። አንዱ የቃሉን መጀመሪያ ድምፅ፣ ሌላው ቀሪውን ይናገራል፤ ፊደላቱም ከአፋቸው ወጥተው ሲገናኙ ሁለቱ ቃሉን በአንድነት ይጠሩታል። ድምፅን ከድምፅ አጋጥሞ ቃል ማድረግ የንባብ የመጀመሪያው ደፍ ነው፤ ያንን በዐይን ማሳየት ደግሞ ጥቁር ሰሌዳ የማይችለው ነው። የዐረብኛው «ዐይን» በቃል መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ መልኩን ሲቀያይር፣ ወይም የአማርኛው «ለ» ወደ «ሉ»ና «ሊ» ሲለወጥ፣ አንድ ፊደል እንጂ ብዙ እንዳልሆነ ለሕፃን ማሳየት በተንቀሳቃሽ ምስል እጅግ ይቀልላል።

ይሁን እንጂ ማንበብ የማይችል ልጅ ጽሑፍ ቢቀርብለትም ማየቱ እርግጥ አይደለም። ሜሪ አን ኤቫንስና ዣን ሴንት ኦባን እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ሲነበብላቸው ሕፃናት ዐይናቸውን የሚያሳርፉት ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በሥዕሉ ላይ መሆኑን አግኝተዋል። በቴሌቪዥን መስኮት ላይ ደግሞ ሥዕሉ ይሮጣል፣ ይስቃል፣ ይዘፍናል፤ በግርጌው ዝም ብሎ የቆመው ቃል ምን ያህል ሊታይ ይችላል? በመግቢያው የተወሳው ሕፃን ዜማውን ይዞ ፊደሉን የሳተው ስለዚህ ነው። ወደ ፊደሉ የሚጠቁም ጣት አላገኘም።

ከመስኮቱ ባሻገር ያለ ድምፅ

ፓትሪሺያ ኩል የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ሙከራ የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናትን የቻይንኛ ድምፆች አሰሙ። በአካል የተገኘ ሰው ያጫወታቸው ሕፃናት ድምፆቹን መለየት ሲችሉ፣ ያንኑ በቪዲዮ የተመለከቱት ምንም አልተማሩም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት በመስኮት ፊት ባይቀመጡ እንደሚሻል፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ መክሯል።

ከዚያ በኋላ ግን መስኮቱና ሰው ሲተባበሩ ምን ያህል እንደሚሆን የሚያሳይ ምሳሌ በዚሁ ቀጣና ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2020 መሰራጨት የጀመረው «አህላን ሲምሲም» በጦርነት ለተፈናቀሉ የሶሪያ ሕፃናትና ለጎረቤቶቻቸው የተዘጋጀ ነው። ሊባኖስ ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት ማግኘት ለማይችሉ ቤተሰቦች፣ ከዝግጅቱ የተወሰዱ ቪዲዮዎች በስልክ ከሚደውሉ አስተማሪዎች ጋር ተጣምረው ለ11 ሳምንታት ቀረቡ። አስተማሪዋ ለወላጅና ለልጅ ትደውላለች፣ ትጠይቃለች፣ መልስ ትሰማለች። በ2023 ይፋ የሆነው የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግምገማ፣ ልጆቹ በፊደልና በቁጥር ጭምር ያገኙት እድገት በሌሎች ቦታዎች የአንድ ዓመት መዋዕለ ሕፃናት ከሚያስገኘው ጋር የሚቀራረብ መሆኑን ገልጿል። በዚያ ሥራ ቪዲዮው ይናገር ነበር፤ የሚሰማው ግን ከስልኩ ማዶ ያለው ጆሮ ነበር።

ሀ ሁ በባዕድ ሀገር

ለአማርኛ ተናጋሪ ሕፃናትም የተዘጋጀ አለ። ብሩክታዊት ጥጋቡ የተባሉ የመጀመሪያ ደረጃ መምህርት ከባለቤታቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ባቋቋሙት ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ የተሠራው «ፀሐይ መማር ትወዳለች»፣ ፀሐይ በተባለች ቀጭኔ አማካይነት ሕፃናትን በሚያውቁት ቋንቋና በሚያውቁት አካባቢ ያስተምራል። በባሕረ ሰላጤው ለሚያድግ ልጅ፣ አማርኛን ከወላጁ አንደበት ውጭ የሚሰማበት መንገድ ጥቂት ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ዝግጅት ጥቅሙ እጥፍ ነው። ጆሮው ለቋንቋው የተከፈተ ልጅ ፊደሉን ሲያገኘው ባዕድ አይሆንበትም።

የቀሩትን የሚሞላው ግን ቤተሰብ ነው፤ ብዙ ጊዜም አይጠይቅም። ዝግጅቱ ሲያበቃ መስኮቱን አጥፍቶ በዕለቱ የታየችውን አንዲት ፊደል በወረቀት መጻፍ፣ ልጁን «በማን ስም ውስጥ አለች?» ብሎ መጠየቅ፣ በቅደም ተከተል ሳይሆን አደባልቆ ማሳየት። ይህ የመጨረሻው ዘዴ አዲስ አይደለም። የጥንት የፊደል መምህራን ተማሪው ሀ ሁን በዜማ ብቻ ይዞት እንዳይቀር ተራውን አፋልሰው «አቡጊዳ»ን ያስቆጥሩ ነበር።

በወሎም ሆነ በሐረር በቁርኣን ቤት የተማሩ አያቶችም ይህን ያውቁታል። ልጁ በእንጨት ለውሑ ላይ በቀለም የተጻፈውን ደጋግሞ ይቀራል፤ ለውሑ ታጥቦ አዲስ የሚጻፍበት ግን ልጁ መምህሩ ፊት ቀርቦ ካሰማ በኋላ ነው። ከተሳሳተ ይታረማል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ያሰማል። ቴሌቪዥን የፈለገውን ያህል ቢያምር ሕፃኑ ያነበበውን ሊሰማለት አይችልም። የዚያ የአራት ዓመት ሕፃን አባት በማግስቱ ከሥራ ሲገባ ትናንት ያመለከታትን ፊደል እንደገና አመልክቶ፣ ልጁ እስኪመልስ ድረስ ከጎኑ ቢቀመጥ፣ ቴሌቪዥኑ የጀመረው ትምህርት የሚሰማ ጆሮ ያገኛል።