በሃምሳ ብር የማይከፈል ዕዳ

ገና ሳይነጋ፥ የጎዳናው ውሾች እንኳ ዝም ባሉበት ሰዓት፥ በሰፈራችሁ የጥሩምባ ድምፅ ተሰምቶ ያውቃልን? ነፊው ይነፋል፤ ጥቂት ይራመዳል፤ የሞተውን ሰው ስምና የቀብሩን ሰዓት ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው መንገድ ያልፋል። ይህን ሰምታችሁ ብርድ ልብሳችሁን እስከ ራሳችሁ ስባችሁ ወደ እንቅልፋችሁ የተመለሳችሁ ብትኖሩ አልፈርድባችሁም፤ እኔም አድርጌዋለሁና። ነገር ግን ያ ጥሩምባ ለምን እንደሚጠራንና ጥሪውን ብንተወው ምን እንደምናጣ ዛሬ ልነግራችሁ እወዳለሁ።

አባቴ ያረፈ ዕለት

አባቴ ሲያርፍ እኔ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ማስተማር ከጀመርሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እስከ ምረቃዬ ድረስ ብዙ ነገር ተምሬአለሁ፤ የሞተ ሰው ዐይን እንዴት እንደሚከደን ያስተማረኝ ግን አልነበረም። እናቴ እየጮኸች፥ እኔ በሩን ተደግፌ ቆሜ ሳለሁ፥ አንድ ጎረቤታችን ደረሱ። ጡረታ የወጡ አናጢ ነበሩ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ እያልሁ የምጠራቸው። ጫማቸውን ከደጅ አውልቀው ገቡ። ሰውነቱ ሳይደርቅ መስተካከል አለበትና ዐይኑን ከደኑ፤ አገጩን በጨርቅ አሰሩ፤ እጁንና እግሩን አቃኑ። ለብ ያለ ውሃ አስመጡ። ከዚያም ወደ እኔ ዞረው፥

«ና ልጄ፥ እግሩን ያዝልኝ። አባትህ ነው፤ አትፍራው» አሉኝ።

እኔም ያዝሁ። እሳቸውና ሌላ አንድ ዕድርተኛ አጠቡት፤ የእግሮቹን አውራ ጣቶች አጋጥመው በክር አሰሩ፤ በነጭ አቡጀዲ ገነዙት። ካህን መጥቶም ጸሎቱን ጀመረ።

በዚያ ሰዓት ውጭ ምን ይደረግ እንደ ነበር የተረዳሁት ኋላ ነው። ጐልማሶቹ ከዕድሩ ዕቃ ቤት ድንኳኑን፥ ምሰሶውንና አግዳሚ ወንበሩን አምጥተው ተክለዋል። ገንዘብ ያዡ ለቀብሩ የተወሰነውን ገንዘብ ይዞ መጥቷል። ጸሐፊው ስለ መቃብሩ ቦታ ከቤተ ክርስቲያኑ አስተዳደር ጋር ተነጋግሮ፥ ሣጥኑንም ከሻጭ ገዝቶ ተመልሷል። ሁለት አስተዋይ ሴቶች መርዶ ሊነግሩ ወደ አክስቴ ቤት ሄደዋል፤ መርዶ እንዲሁ በስልክ ተጥሎ የሚኬድ ነገር አይደለምና። የሴቶች ዕድር አባሎችም ስንዴና ሽምብራ ቀቅለው ንፍሮውን አድርሰዋል። እናቴና እኔ በዚያ ቀን የወሰንነው ነገር ቢኖር አንድ ብቻ ነው፤ ከሩቅ የሚመጣውን አጎቴን እንጠብቅ ወይስ አንጠብቅ የሚለውን። የቀረውን ሁሉ የሠሩት ጎረቤቶቻችን ናቸው። ለዚህም ከእነርሱ አንዱ እንኳ ደመወዝ አልተቀበለም፤ ቀብር ማስፈጸም ሙያዬ ነው የሚልም ከመካከላቸው አልነበረም።

ከቀብር ስንመለስ እጃችንን አስታጥበው ንፍሮ አቀመሱን። እስከ ሠልስቱ ድረስ በየተራ ከድንኳኑ ውስጥ እያደሩ፥ በየቤታቸው የሠሩትን እዝን እያመጡ፥ እናቴን «ለነፍሱ ብለሽ ቅመሺ» እያሉ አጎረሷት። በዚያ ሦስት ቀን ውስጥ ከቤታችን እሳት አልነደደም፤ እኛም አልተራብንም።

ዕድር ከየት መጣ?

በገጠር ሰው ሲሞት አገሬው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይወጣል፤ ጐበዛዝቱ መቃብር ይቆፍራሉ፤ ሬሳውንም በአልጋ ወይም በቃሬዛ እየተቀባበሉ ይሸከማሉ። ለዚህ መዝገብም ሆነ መዋጮ አያስፈልግም፤ ሁሉም ዘመድ ነውና። ወደ ከተማ የፈለሰ ሰው ግን ዘመዱን ትቶ ስለሚመጣ «ብሞት ማን ይቀብረኛል?» ብሎ መጨነቁ አይቀርም። ዕድር ለዚህ ጭንቀት የተሰጠ መልስ ነው። አጀማመሩን የመረመሩ ብዙ ሰዎች እንደሚሉት፥ በአዲስ አበባ እየተስፋፋ የሄደው በኢጣልያ ወረራ ዘመንና ከዚያ በኋላ፥ ማለት ከ1928 ዓ.ም. ወዲህ ነው።

አሠራሩን የማታውቁ ተማሪዎች ብትኖሩ እንዲህ ነው። አባል የሆነ ሰው ቤተ ሰቡን በመዝገብ ያስመዘግባል፤ በየወሩም የተወሰነ መዋጮ ይከፍላል። ዳኛ፥ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ በምርጫ ይሾማሉ። ከተመዘገበው ቤተ ሰብ አንዱ ቢሞት ዕድሩ ገንዘብ ይሰጣል፤ ድንኳንና ዕቃ ያቀርባል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አባሎቹን ጠርቶ ያስወጣል። በቀብሩ ቀን ስም ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። የሰፈር፥ የመሥሪያ ቤት፥ የሴቶችና የአንድ አገር ተወላጆች ዕድር እየተባለ በየዓይነቱ አለ።

በኛ ዕድር መዝገብ ውስጥ የክርስቲያንና የእስላም ስም ተቀላቅሎ ተጽፏል። እስላም ጎረቤታችን ሲያርፍ አጥበው በከፈን የሚጠቀልሉት የሃይማኖቱ ሰዎች ናቸው፤ ለወንድ ሦስት፥ ለሴት አምስት ጨርቅ ነው። ቀብሩም በተቻለ መጠን በዚያው ቀን ይፈጸማል። ድንኳን መትከልና ኀዘንተኛ ማጽናናት ግን የሁላችንም ሥራ ነው።

ይህ ማኅበር ክፉ ዘመን አይቷል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የኤድስ በሽታ ብዙ ሰው በገደለ ጊዜ የብዙ ዕድሮች ካዝና ተራቆተ፤ አንዳንዶቹም ሰው እስኪሞት ከመጠበቅ በሽተኛውን በቁሙ መርዳት፥ የሞተውንም ሰው ልጆች መደገፍ ጀመሩ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የኮሮና ወረርሽኝ ገብቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፥ ሕዝብ እንደ ልቡ ተሰብስቦ መቅበር ተከለከለ። በዚያ ወራት ወላጁን በጥቂት ሰው ብቻ የቀበረ ወዳጅ ካላችሁ ጠይቁት። ገንዘብ አልጎደለበትም፤ የጎደለበት ሰው ነው።

ሌሎች ያጡት ዕውቀት

ይህ ለኛ የተለመደ ስለ ሆነ፥ ዓለም ሁሉ እንዲሁ የሚቀብር ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በአሜሪካ አንድ ሰው ሲሞት ብዙውን ጊዜ ቤተ ሰቡ የሚጠራው የቀብር ድርጅት ነው፤ ሬሳውን የሚወስደውም፥ የሚያጥበውም፥ የሚያለብሰውም ክፍያ የሚቀበል ባለሙያ ነው። እዚያም ቢሆን ጥንት እንዲህ አልነበረም። ሬሳ የሚታጠበው በቤት ውስጥ በዘመድና በጎረቤት እጅ ነበር፤ ሣጥኑንም የሚሠራው የመንደሩ አናጢ ነበር።

ልማዱን መለወጥ የጀመረው በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1861 እስከ 1865 የተደረገው የርስ በርስ ጦርነት ነው። ወታደሩ ከአገሩ ርቆ ስለሚሞት፥ ሬሳው ሳይበላሽ ወደ ቤቱ እንዲደርስ በደም ሥር መድኃኒት የሚጨምሩ ሰዎች ተነሡ። በ1865 ፕሬዚዳንት ሊንከን ሲገደሉም አስከሬናቸው በዚሁ ዓይነት ተዘጋጅቶ፥ በባቡር ከ2 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ፥ በየከተማው ሕዝብ እየተሰናበተው ስፕሪንግፊልድ ገብቷል። ከዚያ ወዲህ ሙያው እየሰፋ ሄደ፤ ዋጋውም እየናረ መጣ። በ1963 ጄሲካ ሚትፎርድ የተባለች ጸሐፊ የቀብር ነጋዴዎች ከኀዘንተኛው ላይ እንዴት እንደሚያተርፉ የሚገልጽ መጽሐፍ አውጥታ ብዙ አነጋግራለች።

ዛሬ በዚያው አገር አንዳንድ ቤተ ሰቦች ወላጃቸውን በቤታቸው አጥበው፥ አልብሰው፥ በራሳቸው እጅ ለመቅበር ይነሣሉ። በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች ሕጉ አይከለክላቸውም። ችግራቸው ሌላ ነው፤ እንዴት እንደሚደረግ የሚያሳያቸው ሽማግሌ በጎረቤታቸው የለም። አያቶቻቸው ያውቁት የነበረውን ነገር ከመጽሐፍና ከአስተማሪ እንደ አዲስ ይማራሉ። በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ዕድር አቋቁመዋል፤ ኀዘንተኛውንም በደንብ ያጽናናሉ። ነገር ግን አስከሬን በአውሮፕላን ወደ አገር ቤት የሚላክ ከሆነ በድርጅት እጅ ማለፍ ስላለበት፥ የዕድሩ ትልቁ ሥራ ገንዘብ ማዋጣት ይሆናል።

የኔ ጥፋት

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ባለፈው ዓመት እኒያ አናጢ ጎረቤታችን ዐረፉ። ጥሩምባው ሲነፋ ሰምቻለሁ። በማግሥቱ የማስረክበው የተማሪዎች የፈተና ወረቀት በጠረጴዛዬ ላይ ተከምሮ ነበር። «ቀብር ብቀር ቅጣቱ ሃምሳ ብር ነው፤ እከፍላለሁ» አልሁና ተቀመጥሁ። በወሩ መጨረሻ ሃምሳ ብሩን ለገንዘብ ያዡ ሰጠሁ፤ እሳቸውም ደረሰኝ ጽፈው ሰጡኝ። አንድም ቃል አልተናገሩኝም።

ኋላ ባለቤታቸውን ልጠይቅ ሄድሁ። ቡና አፍልተው፥ ስለ እናቴ ጤና ጠይቀው፥ ሲጨርሱ እንዲህ አሉኝ፤ «ሲገንዙት እኮ አንተን አስጠርተውህ ነበር፤ የአባትህን ሲያደርግ አይቷል፥ እግሩን ይያዝ ብለው።» ለወቀሳ አልነበረም የተናገሩት። እኔ ግን ኪሴ ውስጥ የነበረው ደረሰኝ ምንም እንዳልከፈለልኝ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ወዳጆቼ፥ ቅጣቱ የተሠራው ለማስጠንቀቂያ እንጂ ለመግዣ አይደለም። ሁላችንም እየከፈልን ብንቀር ዕድሩ ባለጠጋ ይሆናል፤ ሬሳውን የሚያነሣ ግን ይጠፋል። ያን ጊዜ የሠሩልንን ሰዎች ሥራ የምንገዛው ከነጋዴ ነው፤ ዋጋውንም የሚወስነው እርሱ ነው።

በዕድር ላይ የሚነሣው ወቀሳ ሁሉ ሐሰት ነው አልልም። የቢሮ ሠራተኛ በየሳምንቱ ቀብር ልሂድ ቢል አለቃው አይፈቅድለትም። ለተዝካር ተብሎ ብድር ውስጥ የሚገባም አለ፤ ይህ ለሟቹም ለቋሚውም አይበጅም። እንዲህ ያለውን ነገር ማስተካከል የሚቻለው ግን በስብሰባው ላይ ተገኝቶ በመናገር ነው፤ በመቅረት አይደለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በኮንዶሚኒየም ቤት ተከራይታችሁ የምትኖሩ ወጣት ሠራተኞች፥ በደረጃው ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን የዕድር ማስታወቂያ አንብባችሁ አትለፉ፤ ገብታችሁ ተመዝገቡ። ተማሪዎች ደግሞ ድንኳን ሲተከል ገመድ ያዙ፤ ጉልበት የናንተ ነው። ቀብሩ በሥራ ሰዓት ቢሆንባችሁ ማታ ሄዳችሁ ከኀዘንተኛው ጋር አምሹ። ለሽማግሌዎቹ የሚከብዳቸውን የወረቀት ጉዳይም እናንተ ተረከቡ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ የሞት ምስክር ወረቀት ከሌለ ሚስት የባሏን ጡረታ፥ ልጅም የአባቱን ውርስ ለማግኘት ብዙ ይንከራተታል። በኀዘን ላይ ያለ ሰው ይህን ይረሳል፤ እናንተ አስታውሱት።

ከሁሉ በላይ ግን በሰፈራችሁ መገነዝ የሚያውቁት እነማን እንደ ሆኑ ጠይቁ። በኛ ሰፈር ሦስት ነበሩ፤ አሁን የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ከሰባ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እኔ ባለፈው ወር ከአንደኛው ጋር ገብቼ ውሃ አቅርቤአለሁ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ክሩን እኔ እንዳስር ነግረውኛል።

አረጋውያን ሲመርቁን «ቀባሪ አያሳጣህ» ይላሉ። ልጅ ሳለሁ ይህ ምርቃት ያስፈራኝ ነበር፤ ዛሬ ግን አሜን እላለሁ። እናንተንም ቀባሪ አያሳጣችሁ፤ እናንተም ለጎረቤታችሁ አትጥፉ።