ጀፎረ፦ ማንም የማያርሰው መንገድ

በቸሃ፣ በእዣ ወይም በጉመር ወዳለ መንደር የሚዘልቅ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በሜዳ ላይ ነው። ለምለም ሣር የለበሰ፣ ቀጥ ብሎ የተዘረጋ ሰፊ ሜዳ፤ ግራና ቀኙን ጎጆዎች ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው ተሰልፈውበታል። ጉራጌ ጀፎረ ይለዋል። መንደሩን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጠው መንገድ እሱ ነው፤ በአንዳንድ ስፍራ ከመንደር መንደር እየተቀጠለ ኪሎ ሜትሮች ይጓዛል። ስፋቱ እንደየቦታው ይለያያል፤ ከ50 ሜትር የሚበልጥም አለ። የአዲስ አበባ አውራ ጎዳናዎች እንኳ ብዙዎቹ ይህን አያህሉም።

ይህን ያህል መሬት ሳይታረስ እንዲኖር ያስቻለው እንሰት ነው። አገሩ ሕዝብ የበዛበት፣ መሬት የጠበበበት ነው። ጉሮሮው በጤፍና በገብስ ብቻ ተንጠልጥሎ ቢሆን ኖሮ ጀፎረ ገና ድሮ በበሬ ተገልብጦ ነበር። ከ40 እስከ 60 የሚሆን የደረሰ እንሰት ግን ከ5 እስከ 6 ነፍስ ያለበትን ቤተሰብ ዓመቱን ሊቀልብ እንደሚችል ይገመታል፤ ለዚያ የሚበቃው ቦታ ደግሞ ከጎጆው ጀርባ ካለው ጓሮ አያልፍም። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት መጽሐፍ ጉራጌን በርዕሱ ሳይቀር የእንሰት ባህል ሕዝብ ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

እንሰት ፍግ ይወዳል። ፍጉን የሚሰጡት ከብቶች ሌሊቱን ከቤተሰቡ ጋር በጎጆው ውስጥ ያድራሉ፤ ቀን ደጃፍ ወጥተው ጀፎረው ላይ ይግጣሉ። ጠዋት ጠዋት ሴቶች በረቱን ጠርገው ያወጡት ፍግ ወደ ጓሮ ተወስዶ ከእንሰቱ ሥር ይደረጋል። የመንገዱ ሣር በከብቱ አልፎ ጓሮውን ያለማል፤ ቆጮ ሆኖ ገበታ ላይ ይቀርባል፤ ወተቱ፣ ቅቤውና አይቡም ከዚያው ነው። ጀፎረን ለውበት ብቻ የተተወ ሜዳ አድርጎ የሚያይ ሰው ይህን ዑደት አላስተዋለም። እኔ ከነገሩ ሁሉ የበለጠ የሚያስደንቀኝም ይኸው ነው፤ መንገዱ፣ ቤቱና ጓሮው አንዱ ያለ ሌላው አይኖሩም።

ሠርግ የሚታጀበው፣ ለቀስተኛ የሚሰበሰበው፣ ሽማግሌ ለዕርቅ የሚቀመጠው እዚሁ ጀፎረ ላይ ነው። ፈረስ ይጋለብበታል፤ ልጆች በዓይን ጥበቃ ሥር ይጫወቱበታል፤ ከየደጃፉ የሚያይ ጎረቤት አይጠፋምና። የሣር ክዳን ቤት እሳት ቢነሣበትም ነበልባሉ ወደ ማዶው ረድፍ እንዳይሻገር ስፋቱ ይከላከላል።

የጀፎረን ሙሉ ግርማ ማየት የፈለገ ግን በመስቀል ይሂድ። ከመርካቶና ከየከተማው የወጣው ልጅ ሁሉ ሥራውን ዘግቶ አገሩ የሚገባበት ሰሞን ነው። ልጆች ደንጌሳት የሚባለውን የራሳቸውን እሳት ያነዳሉ፤ ቀጥሎ የታላላቆቹ ደመራ ይመጣል። ክትፎው ተበልቶ፣ ሽማግሌ መርቆ ሲያበቃ ወጣቱ ሣሩ ላይ ይወጣል፤ ጭፈራው ይደራል፣ መተጫጨቱም ከዚያው ይጀመራል። ሙስሊሙ ጉራጌም በዓረፋ እንዲሁ ተሰባስቦ ይገባል። በእነዚያ ቀናት ለዓመት ያልተያየ ዘመድ ሁሉ ይገናኛል፤ ያን ሁሉ ሰው የሚችል ሌላ ቦታ በመንደሩ የለም።

የሚጠብቀው ዘብ የለውም። ጀፎረ የመንደሩ ሁሉ ነው፤ አጥሩን አንድ ክንድ ወደ ሣሩ የገፋ ሰው ከሽማግሌ ፊት ይቆማል። ከዚያ በላይ ደግሞ የአካባቢው ባህላዊ የዳኝነት ሥርዓት አለ፤ ለሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ፣ ለክስታኔ ጉራጌ ጎርደና።

ሌላም መንገድ ልጥቀስ። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የከተሙ ጉራጌዎች ገንዘብ አዋጥተው የመንገድ ሥራ ማኅበር አቋቁመው ነበር፤ የትውልድ ቀያቸው በክረምት ጭቃ ተቆርጦ እንዳይቀር። ከዓለም ገና ተነሥቶ ቡታጅራን አልፎ ወላይታ ሶዶ የሚዘልቀው መንገድም የሕዝብ መዋጮ ያለበት ነው። የጋራ መንገድ ላይ ድክ ድክ ብሎ ያደገ ሰው መንገድ ለመሥራት የመንግሥትን እጅ ብቻ እንደማይጠብቅ አምናለሁ።

ዛሬ ጀፎረ ከየአቅጣጫው እየተነካ ነው። ለልጆች የሚከፋፈለው መሬት ባነሰ ቁጥር አጥሩ ወደ ሣሩ ይጠጋል። ባሕር ዛፍ ገንዘብ ስለሚያመጣ ዳር ዳሩ ይተከላል፤ ሣሩን ያደርቀዋል። መኪና ሲለምደው ለምለሙ መሬት በክረምት ጎማ የሚቀረቅር ጭቃ ይሆናል። በጅማ መንገድ ላይ ያደገችው ወልቂጤም፣ ቡታጅራም ሲሰፉ የሚከተሉት የሌላውን ከተማ ልማድ ነው፤ ግንብ አጥር፣ የብረት በር፣ በመካከሉ ጠባብ መተላለፊያ። የጋራ ሜዳ አያያዝን ለዘመናት ሲያውቅ የኖረ ሕዝብ መሐል ሆኖ እንዲህ ያለ ሰፈር መቀየስ ያሳዝናል።

መፍትሔው የራቀ አይደለም። የገጠር መሬት ሕጋችን የወል ይዞታን ያውቃል። የእያንዳንዱ ጀፎረ ወሰን ከሽማግሌዎች ጋር ተለክቶ በዚሁ ስም ቢመዘገብ፣ መኪና የሚሄድበት መንገድ ሣሩን ሳይነካ ከጓሮዎቹ ጀርባ ቢቀየስ፣ የሁለቱ ከተሞች አዳዲስ ሰፈሮችም ደጃፋቸው ወደ አንድ የጋራ ሜዳ እንዲከፈት ቢታቀዱ፣ ሥራው በአብዛኛው የመለካትና የመስማማት ሥራ ነው፤ ለእሱም የጆካና የጎርደና ሽማግሌዎች እንግዳ አይደሉም።