ቤት ለመግዛት ብድር የሚጠይቅ ሰው ወጪው እንዴት ይመዘናል?

በብሪታንያ የራሱ መኖሪያ ቤት እንዲኖረው የሚሻ ሠራተኛ የቤቱን ሙሉ ዋጋ በአንድ ጊዜ የመክፈል አቅም ስለማይኖረው፣ ብዙውን ጊዜ ወደ ባንክ ወይም ቢልዲንግ ሶሳይቲ ወደሚባሉት የቁጠባና የቤት ብድር ተቋማት ማምራቱ የግድ ነው። ብድሩ 25 ወይም 30 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚዘልቅ በመሆኑ አበዳሪው የአመልካቹን ደመወዝ አይቶ ብቻ አይወስንም። ከደመወዙ ውስጥ በየወሩ ምን ያህሉ ለምን እንደሚውል፣ ከዚያም ምን እንደሚተርፍ ይመረምራል።

ይህ አሠራር በለንደንና በሌሎች የብሪታንያ ከተሞች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንንና ትውልደ ኢትዮጵያውያንንም በቀጥታ ይመለከታል። ለቤተሰብ በየወሩ ገንዘብ መላክ፣ ዕቁብ መጣል፣ ከዘመድ በስጦታ ወይም በብድር ገንዘብ መቀበል የማኅበረሰቡ የኑሮ ክፍል ነው። ይሁንና እነዚህ ልማዶች በአበዳሪው መዝገብ ላይ እንዴት እንደሚታዩ ያላወቀ አመልካች፣ አስቀድሞ ሊያስተካክለው በሚችለው ምክንያት ጥያቄው ውድቅ ሊሆንበት ይችላል።

ሕጉ የወጣበት ምክንያት

እስከ 2000ዎቹ መጨረሻ ድረስ በብሪታንያ ተበዳሪው ገቢውን ራሱ ተናግሮ፣ ያለ ማስረጃ ብድር የሚያገኝበት አሠራር ነበር። ኖርዘርን ሮክ የተባለው ባንክ ደግሞ የቤቱን ዋጋ እስከ 125 በመቶ የሚደርስ ብድር ይሰጥ ነበር። ይህ ባንክ እ.ኤ.አ በመስከረም 2007 የገንዘብ እጥረት ገጥሞት ደንበኞቹ ተቀማጫቸውን ለማውጣት በየቅርንጫፉ በር ላይ ተሰለፉ፤ በየካቲት 2008 ደግሞ መንግሥት ባንኩን በባለቤትነት ለመያዝ ተገደደ። በተከተለው የኢኮኖሚ ቀውስ ብድራቸውን መክፈል ያቃታቸው በርካታ ቤተሰቦች ቤታቸውን አጥተዋል።

ከዚህ ትምህርት በመነሣት የተዘጋጀው አዲስ ደንብ እ.ኤ.አ ከሚያዝያ 26 ቀን 2014 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። በፋይናንስ ሥነ ምግባር ባለሥልጣን የሚመራው ይህ ደንብ አበዳሪው የአመልካቹን ገቢ በማስረጃ እንዲያረጋግጥ፣ ወጪውንም አስልቶ የመክፈል አቅሙን እንዲመዝን ያስገድዳል። ገቢን ራስ ተናግሮ መበደርም በዚሁ አክትሟል።

ሦስቱ የወጪ ዓይነቶች

በደንቡ መሠረት የአመልካቹ ወጪዎች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ምድብ አመልካቹ በውል ወይም በሕግ የገባባቸውንና ቤቱን ከገዛም በኋላ የሚቀጥሉትን ግዴታዎች ይይዛል። የመኪና ብድር፣ የክሬዲት ካርድ ዕዳ፣ የግል ብድርና በፍቺ ምክንያት የሚከፈል የልጅ መቁረጫ በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። አበዳሪው እነዚህን በግምት ማለፍ ስለማይፈቀድለት ትክክለኛ መጠናቸውን ከአመልካቹና ከብድር መረጃ ድርጅቶች ያገኛል።

ሁለተኛው ምድብ ያለ እነርሱ ቤት ማስተዳደር የማይቻልባቸው መሠረታዊ ወጪዎች ናቸው። ምግብ፣ ውኃ፣ መብራትና ማሞቂያ፣ ስልክ፣ ለአካባቢው አስተዳደር የሚከፈለው ካውንስል ታክስ፣ የሕንፃ መድን፣ እንዲሁም ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት ለመመላለስ የሚወጣው የትራንስፖርት ወጪ ተጠቃሽ ናቸው። አፓርታማ የሚገዛ ሰው ለሕንፃው የጋራ አገልግሎት የሚከፍለው መዋጮም ይታከልበታል።

ሦስተኛው ምድብ መጠነኛ ኑሮ ለመኖር የሚያስፈልጉ ወጪዎችን ይመለከታል። ልብስ፣ የቤት ዕቃ፣ የንጽሕና መጠበቂያ፣ መጠነኛ መዝናኛና የሕፃናት መዋያ ክፍያ ከዚህ ይመደባሉ። ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ምድብ አበዳሪው የአመልካቹን ትክክለኛ ወጪ ከመጠየቅ ይልቅ በቤተሰብ ብዛት ላይ የተመሠረተ የስታቲስቲክስ ግምት እንዲጠቀም ተፈቅዶለታል። በዚህም ምክንያት እጅግ ቆጥቦ የሚኖር ሰው እንኳ ከእውነተኛ ወጪው ከፍ ያለ መጠን ሊታሰብበት ይችላል።

አሁን የሚከፈለው የቤት ኪራይ ግን አመልካቹ ወደ ራሱ ቤት ሲገባ የሚቀር በመሆኑ በወጪነት አይያዝም።

ስሌቱ በምሳሌ

ጉዳዩን ግልጽ ለማድረግ በዓመት 40,000 ፓውንድ ደመወዝ የሚያገኝ ተቀጣሪ እንውሰድ። በ2025/26 የግብር ዘመን የገቢ ግብርና የብሔራዊ መድን መዋጮ ሲቀነስ በእጁ የሚገባው በወር 2,690 ፓውንድ ገደማ ነው። ይህ ሰው የዓመት ገቢውን 4 ነጥብ 5 እጥፍ፣ ማለትም 180,000 ፓውንድ በ25 ዓመት ለመክፈል መበደር ፈለገ እንበል። ወለዱ 5 በመቶ ቢሆን ወርሃዊ ክፍያው 1,052 ፓውንድ ይሆናል።

አበዳሪው መሠረታዊ ወጪውን 900፣ መጠነኛ የኑሮ ወጪውን 350 ፓውንድ አድርጎ ቢገምት፣ በተጨማሪም አመልካቹ በወር 250 ፓውንድ የመኪና ብድር ቢኖርበት፣ ለቤት ብድሩ የሚተርፈው 1,190 ፓውንድ ያህል ነው። ላይ ላዩን ሲታይ ገንዘቡ ይበቃል። ይሁን እንጂ አበዳሪው ወለዱ ከፍ ቢል ምን እንደሚሆንም ያሰላል። ወለዱ 7 በመቶ ቢደርስ ወርሃዊው ክፍያ ወደ 1,272 ፓውንድ ስለሚያድግ የተረፈው ገንዘብ አይበቃም። ስለዚህ አበዳሪው ብድሩን ወደ 168,000 ፓውንድ ገደማ ዝቅ ያደርገዋል። የመኪናው ዕዳ አስቀድሞ ተከፍሎ ቢሆን ኖሮ ግን ሙሉው 180,000 ፓውንድ በተፈቀደ ነበር።

በዚሁ ቤተሰብ ላይ 600 ፓውንድ የሕፃናት መዋያ ክፍያ ቢጨመር ሊፈቀድ የሚችለው ብድር 84,000 ፓውንድ እንኳ አይሞላም። በአኃዞቹ እንደሚታየው አንድ ደመወዝ የሚያገኙ ሁለት ሰዎች በወጪያቸው ልዩነት ብቻ እጅግ የተራራቀ ምላሽ ሊያገኙ ይችላሉ።

የወለድ ጭማሪ ፈተና

አበዳሪው ከፍ ያለ ወለድ የሚያሰላበት ምክንያት አለው። የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ መሠረታዊ የወለድ መጠን እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 2021 መጀመሪያ ላይ 0 ነጥብ 1 በመቶ የነበረ ሲሆን፣ በነሐሴ 2023 ወደ 5 ነጥብ 25 በመቶ አሻቅቧል። በዝቅተኛ ወለድ የተዋዋሉ በርካታ ባለቤቶች ውላቸው ሲታደስ ወርሃዊ ክፍያቸው በመቶዎች በሚቆጠር ፓውንድ ጨምሮባቸዋል።

የማዕከላዊ ባንኩ የፋይናንስ ፖሊሲ ኮሚቴ እ.ኤ.አ በ2014 አመልካቾች በ3 የመቶኛ ነጥብ ከፍ ባለ ወለድ እንዲመዘኑ አሳስቦ ነበር። ይህ ማሳሰቢያ በነሐሴ 2022 የተነሣ ቢሆንም አበዳሪዎች የወለድ ጭማሪን ከግምት እንዲያስገቡ የሚያዘው የባለሥልጣኑ ደንብ ግን አልተሻረም። ወለዱ ለ5 ዓመትና ከዚያ በላይ የማይለወጥ ብድር ሲሆን ግዴታው ይላላል። ከገቢ 4 ነጥብ 5 እጥፍና ከዚያ በላይ የሆኑ ብድሮችም ከአዳዲስ ብድሮች 15 በመቶውን እንዳያልፉ የተቀመጠ ገደብ ያለ ሲሆን፣ በሐምሌ 2025 ገደቡ በእያንዳንዱ አበዳሪ ላይ ሳይሆን በአጠቃላይ ገበያው ላይ እንዲታይ ተደርጓል።

የባንክ መግለጫው ምን ይናገራል?

አመልካቹ ብዙውን ጊዜ የቅርብ ሦስት ወራት የደመወዝ ወረቀትና የባንክ ሒሳብ መግለጫ እንዲያቀርብ ይጠየቃል። በግሉ የሚሠራ ከሆነ፣ ለምሳሌ የታክሲ ሹፌር ወይም የምግብ ቤት ባለቤት፣ በተለምዶ የሁለት ዓመት የግብር ማስረጃ ያስፈልገዋል። ግብር ለመቀነስ ሲል ገቢውን አሳንሶ ያስመዘገበ ሰው በዚህ ጊዜ ባስመዘገበው ልክ ይመዘናል።

መርማሪው በመግለጫው ላይ በቅድሚያ የሚያየው አመልካቹ ያልተናገረው ዕዳ መኖር አለመኖሩን ነው። ሒሳቡ በየወሩ ከዜሮ በታች የሚወርድ፣ ክፍያዎች በገንዘብ እጥረት የሚመለሱ፣ ወይም ለቁማር ድርጅቶች ተደጋጋሚ ክፍያ የሚወጣ ከሆነ ጥያቄ ያስነሣል። ኤክስፒሪያን፣ ኢኩፋክስና ትራንስዩኒየን የተባሉት ድርጅቶች በሚይዙት የብድር ታሪክ ውስጥ በወቅቱ ያልተከፈለ ዕዳ ለ6 ዓመት ተመዝግቦ ይቆያል።

ዕቁብ፣ ሐዋላና የቤተሰብ ስጦታ

ዕቁብ የሚጥል ሰው የባንክ መግለጫው ላይ በየወሩ ለግለሰብ የሚተላለፍ ገንዘብ፣ ዕጣው ሲደርሰው ደግሞ በአንድ ጊዜ የገባ ከፍተኛ ገንዘብ ይታያል። አሠራሩን የማያውቅ መርማሪ የመጀመሪያውን እንደ ዕዳ፣ ሁለተኛውን እንደ ብድር ሊተረጉመው ይችላል። በመሆኑም የአባላቱን ዝርዝር፣ የመዋጮውን መጠንና የዕጣውን ቀን የሚያሳይ በዕቁቡ ዳኛ የተፈረመ ማስረጃ አስቀድሞ ማዘጋጀት ይጠቅማል። ዕጣው ደርሶት ቀሪውን መዋጮ ገና የሚከፍል ሰው ግን በተግባር ዕዳ ያለበት መሆኑን መገንዘብና በግልጽ መናገር ይኖርበታል።

ለወላጅ ወይም ለወንድምና እኅት በየወሩ የሚላክ ገንዘብም እንዲሁ ቋሚነት ካለው እንደ ግዴታ ሊቆጠር ይችላል። ቅድሚያ ክፍያውን በዘመድ ስጦታ የሚሸፍን አመልካች ገንዘቡ የማይመለስ ስጦታ መሆኑን የሚገልጽ የሰጪው ደብዳቤ ይጠየቃል፤ ሕገወጥ የገንዘብ ዝውውርን ለመከላከል በወጣው ሕግ መሠረትም የገንዘቡ ምንጭ ይጣራል።

በእንግሊዝ የሚኖሩና የብሪታንያ ዜግነት ያላገኙ ኢትዮጵያውያን በመራጮች መዝገብ ላይ መስፈር ስለማይችሉ አድራሻቸውን በዚህ መንገድ ማረጋገጥ አይቻላቸውም። እነዚህ ወገኖች የአድራሻ ማስረጃቸውን ለብድር መረጃ ድርጅቶች በመላክ በመዝገባቸው ላይ እንዲሰፍር ማድረግ ይችላሉ።

ወጪን ወይም ዕዳን ደብቆ ማመልከት ግን መፍትሔ አይሆንም። ሆን ብሎ የሐሰት መረጃ መስጠት እ.ኤ.አ በ2006 በወጣው የማጭበርበር ወንጀል ሕግ ያስጠይቃል።

ያልተቋጨው ክርክር

አሠራሩ ከትችት አላመለጠም። በወር 1,300 ፓውንድ ኪራይ ለዓመታት ሳያጓድል የከፈለ ሰው 1,100 ፓውንድ የብድር ክፍያ አይችልም መባሉ ፍትሐዊ አይደለም የሚል ቅሬታ በተደጋጋሚ ይሰማል። አበዳሪዎች በበኩላቸው ተከራይ ኑሮ ሲከብደው ወደ ርካሽ ቤት ሊዛወር እንደሚችል፣ ባለቤት ግን የጥገናውንም የወለድ ጭማሪውንም ሸክም ብቻውን እንደሚሸከም ያስረዳሉ። ስኪፕተን ቢልዲንግ ሶሳይቲ እ.ኤ.አ በግንቦት 2023 የ12 ወራት የኪራይ ክፍያ ታሪክን መሠረት አድርጎ ያለ ቅድሚያ ክፍያ የሚሰጥ ብድር መጀመሩ ለዚህ ቅሬታ ከተሰጡት ምላሾች አንዱ ነው።

በአገራችንም በ20/80 እና በ40/60 የቤት ልማት መርሐ ግብሮች ተመዝጋቢው ድርሻውን በየወሩ እንዲቆጥብ መደረጉ ገንዘብ ከማሰባሰብ ባሻገር የመክፈል ልማዱን የሚያሳይ ሆኖ ማገልገሉ ይታወሳል። የአሠራር ልዩነት ቢኖርም በሁለቱም ዘንድ በየወሩ ሳይቋረጥ የሚታይ ክፍያ ዋጋ አለው።

በመሆኑም በብሪታንያ ቤት ለመግዛት ያሰበ ሰው ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ከማመልከቱ ቢያንስ ስድስት ወር ቀደም ብሎ መሰናዳቱ ይበጀዋል። አነስተኛ ዕዳዎችን መዝጋት፣ አዲስ ብድር አለመውሰድ፣ የማይጠቀሙበትን የክሬዲት ካርድ መመርመር፣ ገንዘብን በእጅ ከመያዝ ይልቅ በባንክ ማስቀመጥና የብድር ታሪክን በነፃ አይቶ ስሕተት ካለ ማሳረም ከዝግጅቶቹ ዋነኞቹ ናቸው። አበዳሪዎች የሚጠቀሙበት ስሌት አንድ ዓይነት ባለመሆኑም በአንዱ ዘንድ የተከለከለ አመልካች የተከለከለበትን ምክንያት ጠይቆ ካስተካከለ በኋላ ወደ ሌላው ሊቀርብ ይችላል።